«ጨርሰናል» ከተባለ በኋላ፦ ከጥገና የወጣን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁኔታ ማረጋገጥ

«ጋሼ፣ ጨርሰናል።»

«ምኑን?»

«ብሬከሩን። ጠርገን፣ ግሪስ ቀብተን፣ አጥብቀን ዘግተነዋል።»

«ገብቷል?»

ዝም።

ባሕር ዳር ዙሪያ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ንግግር ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ አልቆጠርሁትም። ልጆቹ ሥራቸውን አላበላሹም። ብሬከሩ፣ መስመሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ፣ በእርግጥ ተጠርጓል፣ ብሎኑም ጠብቋል፤ ግን ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አልተገፋም፣ «ቴስት» ከሚለው ምልክት ላይ ቆሟል። ጥገናው አለቀ እንጂ መሣሪያው ወደ ሥራ አልተመለሰም። የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት በብርቱ ዋጋ የተማሩት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሰዎች ናቸው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ከእነሱ አሠራር ለእኛ ሰብስቴሽን፣ ለእኛ ፋብሪካና ለእኛ ሆስፒታል የሚሆነውን መርጬ ነው።

ጎጃም ውስጥ የኑክሌር ጣቢያ የለም። ያለን ውሃ ነው፦ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጢስ ዓባይ፣ ከጣና ውሃ እየሳበ ወደ በለስ የሚለቀው ባለ 460 ሜጋዋቱ ጣቢያ፣ ከእነሱም የሚነሡት መስመሮች። ታዲያ የኑክሌሩ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል? ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ሞተር ከጥገና በኋላ ሳይመለስ ቢያድር ጠዋት ድንጋዩ አይዞርም፤ እህል ተሸክመው የተሰለፉት እናቶች ከማንም ቀድመው ይነግሩናል። የኑክሌር ጣቢያ ላይ እንዲህ የሚጮህ የለም። ሪአክተር ቢጠፋም ነዳጁ መሞቁን አያቆምም፤ በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱን የሚያስወግዱት ፓምፖች ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ ቆመው ለክፉ ቀን ብቻ በሚጠበቁ ዕቃዎች የተሞላ ነው፦ የዲዝል ጄኔሬተር፣ የባትሪ ክፍል፣ ተጠባባቂ ፓምፕ፣ ጥፋት ሲያይ ብሬከሩ መስመሩን እንዲቆርጥ (እንዲወድቅ) የሚያዝዘው መከላከያ ሪሌይ። ቆሞ የሚውል መሣሪያ ደኅና ቢሆንም ባይሆንም መልኩ አንድ ነው። በእኛም ቤት እንዲህ ያለው ሞልቷል፦ የሆስፒታል ጄኔሬተር፣ የእሳት አደጋ ፓምፕ፣ የሰብስቴሽን ባትሪ፣ ከፓኔል ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ሪሌይ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በመጀመሪያ ለእነዚህ ዝምተኞች ናቸው። ለወፍጮው ግማሹ ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 (መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው የትሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ዋናው የውሃ ምገባ ተቋረጠ። ተጠባባቂዎቹ ፓምፖች እንደ ታሰበላቸው ተነሡ፤ ውሃው ግን አልደረሰም። ከሁለት ቀን ገደማ በፊት በተደረገ ሙከራ የተዘጉ ሁለት ቫልቮች እንደ ተዘጉ ቀርተው ነበር። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚናገሩ መብራቶች ነበሩ፤ አንደኛውን ግን ተንጠልጥሎ የቀረ ቢጫ የጥገና ታግ (የማስጠንቀቂያ ወረቀት) ጋርዶታል። ነገሩ እስኪታወቅ ስምንት ደቂቃ ሄደ። በዚያ ሌሊት ነዳጁን ያቀለጠው ዋናው ጥፋት ሌላ ነበር፣ ክፍት ሆኖ የቀረ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ። የእነዚህ የሁለቱ መዘጋት ግን ሰዎቹን ይበልጥ ግራ አጋባቸው። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ባወጣው የማስተካከያ ዝርዝር፣ ከሥራ የወጣ መሣሪያ ሲመለስ አመላለሱን ሌላ ብቁ ሰው የሚያረጋግጥበት ሥርዓት እያንዳንዱ ጣቢያ እንዲኖረው ጠየቀ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩት ጻፉት

ፓኔሉን ከመክፈታችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ። ብሬከሩ ገብቷል ወይስ ወጥቷል? ሰሌክተሩ (የአሠራር መምረጫ ቁልፉ) «አውቶ» ላይ ነው? የትኛው መብራት በርቷል? የሪሌዩ ምልክት ወድቋል? በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶው ግን ወረቀቱን አይተካም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ያገኛችሁት ሁኔታ ትክክለኛው ሁኔታ ላይሆን ይችላል። ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ተሳስቶ ትቶት ከሆነ፣ እናንተ ስሕተቱን አምናችሁ እንደ ነበረ ትመልሱታላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ «የተገኘበት» እና «መሆን ያለበት»። ሁለተኛው ዓምድ ከመስመር ሥዕሉና ከአምራቹ መጽሐፍ ይሞላል፤ ከፎቶው አይገለበጥም። ሁለቱ ዓምዶች ካልተስማሙ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፈረቃ ኃላፊው ይስማ።

ሌላም አለ። መንትያ ያለውን መሣሪያ ልትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ መንትያውን እዩ። ሁለት ቻርጀር ካለና «ሀ»ን የምታወጡ ከሆነ «ለ» በእርግጥ እየሠራ ነው? የኑክሌር ጣቢያ ሰዎች አንዱን ወገን ሲከፍቱ የሌላውን ወገን በር በገመድ አጥረው «አትንኩ» የሚል ሰሌዳ ያቆሙበታል። እኛም አንድ ሜትር ገመድ አናጣም።

ደረጃ 2፦ የነካችሁት ሁሉ ቁጥር ይኑረው

የተነቀለ ሽቦ፣ የወጣ ፊዩዝ፣ ለጊዜው የታሰረ ጃምፐር (ሁለት ነጥብ የሚያገናኝ ሽቦ)፣ የተከፈተ የትሪፕ ሊንክ (ብሬከሩን የሚጥለው ትእዛዝ የሚያልፍበት ማገናኛ)፣ የተዘጋ የነዳጅ ቫልቭ፣ የታሰረ ጊዜያዊ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ)፤ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር። መስመሩ የተርሚናሉን ቁጥር፣ የነቀለውን ሰው፣ የመለሰውን ሰውና ያረጋገጠውን ሰው ይይዛል። ሽቦውን ሳትነቅሉት በፊት ምልክት እሰሩበት፤ ከነቀሉት በኋላ «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው አትመኑ፤ እኔንም ጭምር።

ለከረንት ትራንስፎርመር (ሲቲ)፣ የመስመሩን ከረንት አሳንሶ ለሪሌዩ ለሚያሳየው ዕቃ፣ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋናው መስመር ኃይል እያለው የሲቲው ሁለተኛ ወገን ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ገዳይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት ሪሌይ ስንሠራ በሾርት ሊንክ እናስረዋለን። ሥራው ሲያልቅ ሊንኩ እንደ ታሰረ ከቀረ ግን የሚጮህ ነገር የለም። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ሪሌዩ ብቻ ዕውር ሆኖ ይቀመጣል። አጭር ዙር በተፈጠረ ቀን ብሬከሩ አይወድቅም፤ ያኔ እሳቱ ይናገራል። እኔ በበኩሌ ከዝርዝሩ ሁሉ ሁለቴ የማየው ይህን መስመር ነው።

ደረጃ 3፦ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት

መፍቻና ጨርቅ ቆጥራችሁ አውጡ። የኬብል መግቢያ ቀዳዳዎችን መልሳችሁ ድፈኑ። ኑክሌር ጣቢያ ላይ ይህ የእሳት መከላከያ ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚያም በላይ የአይጥ፣ የእንሽላሊትና የተርብ መከላከያ ነው። የጎደለ ብሎን አትናቁ። እነሱ የፓኔል በር አንድ ብሎን ከጎደለው ለመሬት መንቀጥቀጥ የተፈተነበትን ጥንካሬ አጥቷል ብለው ይቆጥሩታል።

ሞተር ከነካችሁ በሜገር (የሽቦ ሽፋንን ጤንነት በሚለካው መሣሪያ) ለኩ። ለ380 ቮልት ሞተር የ500 ቮልት ዲሲ ሜገር ይበቃል። ከ1000 ቮልት በታች ለሆኑ ሞተሮች ዛሬ የሚሠራበት ዝቅተኛ ልክ፣ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ተሰልቶ፣ 5 ሜጋኦም ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ይናገራል፦ አምና 200 የነበረው ዘንድሮ 8 ከሆነ ልኩን ቢያልፍም ችግር አለው። በክረምት ሐምሌና ነሐሴ ንባቡ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እርጥበት ነው፤ ያኔ የሞተሩ ማሞቂያ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ማሞቂያው ራሱ ከዝምተኞቹ አንዱ ነው። ሞተሩ ሲቆም መብራት አለበት፤ ተነቅሎ ቢቀር ማንም አያውቅም። ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለውን ሞተር ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ሳትለዩ በሜገር አትንኩት፤ መቆጣጠሪያውን ታቃጥሉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ታግ፣ ቁልፍ፣ ኧርዝ

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁልፍ ራሱ ይፈታል። ጊዜያዊ ኧርዝ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል፤ ሦስት ከወጣ ሦስቱም መስቀያቸው ላይ ሳይታዩ ማንም ማብሪያ አይነካም። ታግ ስትሰቅሉ መብራት ወይም መለኪያ እንዳይሸፍን አስቡ፤ የትሪ ማይል አይላንዱ ቢጫ ወረቀት ለዚህ ማስታወሻ ይሁናችሁ።

ደረጃ 5፦ መመለስና ሁለተኛው ዓይን

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዝግታ።

አንዱ ዝርዝሩን ያነብባል፣ ሌላው ያደርጋል። የሚያደርገው ከመንካቱ በፊት ጣቱን ስሙ ከተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አድርጎ የሰማውን ይመልሳል። «ብሬከር ሀ-3 አስገባ።» «ብሬከር ሀ-3 አስገባለሁ።» «አዎ።» ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ ይንቀሳቀሳል። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ይሥቃሉ፣ ልጅነት ይመስላቸዋል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን አይሥቅም፤ የኔታ የሰጡትን ቃል መልሶ ሳያሰማ የሚነሣ ተማሪ የለም። አሠራሩን ከባሕር ማዶ የመጣ ብልሃት አድርገን ስናየው ይገርመኛል።

ከዚያ ማረጋገጡ ይመጣል። ኑክሌር ጣቢያዎች ሁለት ዓይነት አላቸው። አንደኛው አብሮ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ሰው አጠገብ ቆሞ ድርጊቱ ሳይፈጸም በፊት «ትክክለኛው ነው» ይላል። ይህ ስሕተቱ ወዲያው ጉዳት ለሚያመጣበት ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ኃይል ባለው የትሪፕ መስመር ላይ ሽቦ መንቀል። ሁለተኛው በየፊና ማየት ነው። አንዱ ሠርቶ ከሄደ በኋላ ሌላው ብቻውን፣ የራሱን ያልተሞላ ወረቀት ይዞ፣ ከመጀመሪያው ሰው ምንም ሳይጠይቅ ሄዶ ያያል። ብሬከር ገብቶ እንደሆነ፣ ሰሌክተር የት እንዳለ፣ ፊዩዝ ስንት አምፔር እንደሆነ ማረጋገጥ ለዚህ ይስማማል። አብረው እየሄዱ «በየፊና አየን» ብሎ መፈረም ሁለት ዓይን አይደለም። አንድ ዓይንና አንድ ጓደኛ ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ጄኔሬተር ሰርቪስ ተደርጎ ነበር። ሜካኒኩ እንዳይጎዳ ሰሌክተሩ ወደ «ኦፍ» ዞረ፤ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፤ በእጅ ተነሣ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ እንከን ሠራና ጠፋ። ሰሌክተሩ ግን «ማንዋል» ላይ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ፊርማ ነበረበት፤ ሁለተኛው የእኔ ነው። ቢሮ ተቀምጬ «ሠራ?» አልሁ፣ «ሠራ» አሉኝ፣ ፈረምሁ። አልዋሹኝም። በሳምንታት ልዩነት፣ በሐምሌ መብረቅ፣ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ትእዛዝ እየጠበቀ ቁጭ አለ። ነርሶቹ በስልክ መብራት ሲሠሩ ቆዩ፣ ጥበቃው ደወለልኝ፣ በባጃጅ በዝናብ ደረስሁና ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞርሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። በዚያች ሌሊት ሰው አልሞተም።

ሁለተኛው ሰው ብሬከር ፊት ሲቆም የሚያየው ይህን ነው፦ የሰሌዳው ስም ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን፣ «ሀ-3» እና «ለ-3» መንታ ናቸውና፤ ብሬከሩ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ «ሰርቪስ» ቦታ መድረሱን፤ የሜካኒካል ምልክቱን፤ ስፕሪንጉ መወጠሩን፤ የመቆጣጠሪያ ኃይሉ መኖሩን፤ «ሎካል» ወይም «ሪሞት» የሚለው ቁልፍ የት እንዳለ፤ የሪሌይ ምልክቶች መነሣታቸውን። መብራት ብቻ አይታመንም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ የሙከራ ቁልፉን ተጫኑ። ፊዩዝ በዓይን አይረጋገጥም፤ አምፔሩን አንብቡ፣ ከእሱ ወዲያ ቮልቴጅ መኖሩን ለኩ። የቮልቴጅ መለኪያውንም ከመለካታችሁ በፊትና በኋላ ኃይል እንዳለ በሚታወቅ ቦታ ፈትኑት። የሪሌይ ልክ ደግሞ ከጸደቀው ሠንጠረዥ ጋር ቁጥር በቁጥር ይነጻጸራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚያረጋግጥ ሰው ያያል እንጂ አያስተካክልም። ስሕተት ካገኘ እጁን ሰብስቦ ይናገራል። እሱ ካስተካከለው ያስተካከለውን የሚያይ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋልና።

ደረጃ 6፦ በእውነተኛው ምልክት ሞክሩት

የእኔ ጄኔሬተር በአዝራር ተሞክሮ ነበር። መሣሪያው የተገዛው ግን በአዝራር እንዲነሣ ሳይሆን መብራት ሲሄድ እንዲነሣ ነው። ሙከራው መሣሪያው በክፉ ቀን የሚቀበለውን ምልክት መምሰል አለበት፦ ፈቃድ ተይዞ፣ የሆስፒታሉ ክፍሎች ተነግሯቸው፣ የመስመሩ ብሬከር ይከፈት፤ ጄኔሬተሩ ራሱ ይነሣ፤ መቀየሪያው ራሱ ይለውጥ፤ ጭነቱን ይሸከም፤ መስመሩ ሲመለስ ራሱ ይመልስ። ስንት ሴኮንድ እንደ ፈጀ ጻፉ። በብዙ የአሜሪካ ኑክሌር ጣቢያዎች ተጠባባቂው ዲዝል በ10 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ወደ ቮልቴጁና ወደ ፍሪኩዌንሲው መድረስ አለበት። በየወሩ ይነሣል፤ ነዳጅ ለመቀየር ጣቢያው በሚቆምበት ወቅት ደግሞ የውጭ ኃይል እንደ ጠፋ ተደርጎ ሙሉ ሰንሰለቱ ይፈተናል።

የተለወጠው ዕቃ እንደ አሮጌው ነው ብላችሁ አትለፉ። በስዊድን ፎርስማርክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2006 (ሐምሌ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.) በ400 ኪሎቮልት ግቢ ውስጥ በሚሠራ ሥራ አጭር ዙር ተፈጠረ። ከአራቱ የማይቋረጥ ኃይል መስመሮች ሁለቱ ወደቁ፤ በእነሱ የተነሣ ከአራቱ ዲዝሎች ሁለቱ ከየመስመሮቻቸው ጋር ራሳቸው አልተገናኙም። ኦፕሬተሮቹ በእጅ እስኪያገናኙአቸው ከ20 ደቂቃ በላይ አለፈ። በምርመራው አንድ ሌላ ነገር ወጣ፦ ከዓመት በፊት በአዲስ የተተኩ የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መከላከያ ሪሌዮች የፌዝ (የሦስቱ የኃይል ሽቦዎች) ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ተገናኝተው ስለነበር አልሠሩም። ከተከላው በኋላ የተደረገው ሙከራ ይህን አላወጣውም። ስለዚህ ሽቦ ከተነቀለ የፌዝ ቅደም ተከተል ይለካል፤ ሞተር ላይም ሪሌይ ላይም።

ባትሪውን አትርሱ። ሰብስቴሽን ውስጥ ብሬከሩን የሚጥለው እሱ ነው። ቻርጀሩን ሳታጠፉ የምትለኩት ቮልቴጅ የቻርጀሩ እንጂ የባትሪው አይደለም። በቻርጅ ላይ ያለ የሊድ አሲድ ሴል ወደ 2.25 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከመሐል አንዱ ከባልንጀሮቹ ርቆ ከወረደ አጠቃላይ ድምሩ አይነግራችሁም፣ ሴል በሴል ሂዱ።

የእኛ አገር ሌላ ነገር ይጨምራል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ልኩ የተጻፈው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይሞቃል፣ ዲዝል ይደክማል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት ጭናችሁ ከመሞከራችሁ በፊት የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ተመልከቱ፤ አለዚያ ደኅናውን ጄኔሬተር «ተበላሸ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ደረጃ 7፦ ርክክብ

«ለሥራ ዝግጁ ነው» የሚለው ቃል የጠጋኙ አይደለም። ጠጋኙ «ሠርቻለሁ፣ ሞክሬአለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው» ይላል፤ ዝግጁ ነው የሚለው የፈረቃ ኃላፊው ነው። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳው ላይ «ከሥራ ውጭ» የሚለው ይቆያል፣ ፋብሪካው ቢቸኩልም። በተለይ የማይወደድ ነገር ልናገር፦ በደረጃ 2 ወረቀት ላይ አንድ ያልተዘጋ መስመር ካለ ርክክብ የለም። «ጃምፐሩ ነገ ይነሣል» የሚባል ጃምፐር ዓመት ሲኖር አይቻለሁ።

መንትያውን መሣሪያ በዚያው ቀን በዚያው ሰው እጅ አትክፈቱ። ያው ሰው «ሀ» ላይ የተሳሳተውን «ለ» ላይም ይደግመዋል፣ ድካሙም ያው ነው፤ የትሪ ማይል አይላንድ ሁለት ቫልቮችም በአንድነት ተዘግተው ነበር የተገኙት።

ጭነት ከተሸከመ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ግንኙነቶቹን በሙቀት መለኪያ እዩ፤ ያልጠበቀ ብሎን ሞቆ ይታወቃል። ሦስቱን ፌዝ እርስ በርስ አነጻጽሩ። በማግስቱ ተረኛ የሆነው ፈረቃ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ አንድ ጊዜ ይዙር፣ ሰሌክተሩን በዓይኑ ይይ፣ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ወረቀቱን ሰብስባችሁ መቆለፊያ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከፓኔሉ በር ኋላ በላስቲክ ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ ሌሊት የሚጠራው ሰው እዚያ ያገኘዋል።